ሽማግሌ የላከው ማነው?

(ጎንደር ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል፤ ወጉ ግን እንዳለ ቀርቷል።)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

የተሰጠኝ ርእስ «ኃጢአት፣ ከእግዚአብሔር መለየትና ዕርቅ» የሚል ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነገር ነው። ችግሩም እሱ ነው፣ ለምደነዋል። ሰባኪ «ኃጢአት» ብሎ ሲጀምር ግማሾቻችን ሰዓት እናያለን። (ሳቅ) ስለዚህ እናንተ ከእኔ በተሻለ ከምታውቁት ልጀምር፤ ከሽምግልና።

ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ያየ አለ? እስኪ እጅ አውጡ። አያችሁ፣ ብዙ ነው። ከአርማጭሆም፣ ከበለሳም፣ ከደምቢያም የመጣችሁ አላችሁ።

ላላዩት ልጆች ልንገራቸው። ነፍስ ሲጠፋ ገዳይ ይሸሻል። ቆላ ይወርዳል፣ ወይ ሩቅ ዘመድ ጋ ይሸሸጋል። ዘመዶቹም ገበያ መውጣት ይፈራሉ። የሟች ወገን ደም መላሽ ይጠብቃል። ሕፃን ልጅ አድጎ መሣሪያ እስኪይዝ ድረስ የሚጠብቅም አለ። በዚህ መሀል የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይለምናል። ሽማግሌዎቹ ቄስ አስከትለው ሟች ቤት ይሄዳሉ። የመጀመሪያ ቀን ማንም «ግቡ» አይላቸውም። ውሃ እንኳ የሚያቀርብላቸው የለም። «ስለ ሥላሴ! ስለ እመቤታችን!» እያሉ ደጅ ይቆማሉ። ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ። ከስንት ምልልስ በኋላ የሟች አባት «እንግዲህ ስለ እግዚአብሔር ብያለሁ» ካሉ ቀን ይቆረጣል። በቀኑ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። እግር ላይ ይወድቃል። ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይገባል፣ አብረው ይበላሉ። አብረው ካልበሉ ዕርቁ ገና ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሽማግሌ የሚልከው በዳይ ነው። ተበዳይ ቤቱ ተቀምጦ ይለመናል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፣ ደግሞም ተገቢ ነው። የሟች አባት ራሳቸው ሽማግሌ ልከው ገዳዩን «እባክህ ታረቀኝ» ቢሉት አገር ምን ይላል? «ምን ነካቸው? ልጃቸው ተገድሎ፣ ጭራሽ እሳቸው ይለምናሉ?» አይባልም?

ክርስትና የሚለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ፣ እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ ነበር ይልና «ከእግዚአብሔር ጋር ታረቁ» ብለን እንለምናለን ይላል። እንለምናለን! ሐዋርያው የማን መልእክተኛ ነው? የተበደለው ወገን መልእክተኛ ነው። የሚለመነው ደግሞ በዳዩ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እንመለስ። አዳም ፍሬውን ከበላ በኋላ መጀመሪያ ምን አደረገ? ቅጠል ሰፋ። ቀጥሎስ? ዛፎች መሀል ተሸሸገ። እስከዚህ ድረስ እግዚአብሔር አልተቆጣም። አልረገመም። ከገነት ያስወጣው በኋላ ነው። ገና አንዲት ቃል ሳይናገር ሰውየው ሸሽቷል። መለያየቱ በዚያች ደቂቃ ተጀምሯል። ከዚያ ድምፅ ተሰማ፤ «ወዴት ነህ?» የሸሸው ሰው፣ የተጣራው እግዚአብሔር። ፈላጊና ተፈላጊ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦታ ተለዋውጠዋል።

አዳም ሲጠየቅ የሰጠውን መልስ ደግሞ ተመልከቱት። «ይህች የሰጠኸኝ ሴት» አለ። በአንድ አፍ ሚስቱንም ፈጣሪውንም ከሰሰ! ትናንት «አጥንት ከአጥንቴ» ያላትን ዛሬ «ይህች» አላት። ሔዋን ወደ እባቡ ጠቆመች። በሚቀጥለው ምዕራፍ ቃየል አቤልን ሜዳ ላይ ገደለው፤ ሲጠየቅም «የወንድሜ ጠባቂው እኔ ነኝን?» አለ። እንግዲህ ሰው ከእግዚአብሔር ተለየ ስንል ነገሩ እዚያ ላይ አይቆምም። ከሚስቱ ተለየ፣ ከወንድሙ ተለየ፣ ምድሪቱም እሾህ አበቀለችበት። ኢሳይያስ ምዕራፍ 59 ላይ «በደላችሁ በእናንተና በአምላካችሁ መካከል ለይታለች» የሚለው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ልናገር፣ አባቶች ይቅርታ አድርጉልኝ። ኃጢአትን የዝርዝር ጉዳይ ያደረግነው ይመስለኛል። ይህ ይበላል፣ ይህ አይበላም። በጾም ዓሣ ይፈቀዳል አይፈቀድም ብለን ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ፣ ሦስተኛው እስኪወርድ እንከራከራለን። ተከራካሪው ሰው ግን ከገዛ ወንድሙ ጋር በውርስ ቤት ተጣልቶ ስልኩን ብሎክ አድርጎታል። (ሳቅ) ትስቃላችሁ! የጾም ሥርዓት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ እኔም እጾማለሁ። ግን ዝርዝሩን ጠብቆ ዛፍ ሥር ተሸሽጎ መኖር ይቻላል። የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም እንዲያ ነበር፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። የጎንደር ልጅ ሆኖ ያልገባ ካለ ነገ ይሂድ። ጣሪያው በረድፍ በረድፍ የመላእክት ፊት ነው። ክንፍና ፊት ብቻ። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ አንዱ ወደዚህ ያያል፣ አንዱ ወደዚያ። የትም ጥግ ብትቆሙ የሚያያችሁ አይጠፋም። ፊት ለፊት፣ ከመቅደሱ በር በላይ፣ ሥላሴና ስቅለቱ ተስለዋል። አዳም እዚያ ቢገባ የሚሸሸግበት ዛፍ አያገኝም ነበር።

ያን ደብር የተከሉት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። እኒህ ንጉሥ እንዴት እንደሞቱ ታውቃላችሁ? በ1699 ዓ.ም.፣ ጣና ላይ፣ ደሴት ውስጥ ተገደሉ። በዚያ ሰዓት ጎንደር ላይ ዘውድ የጫነው የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነበር። ታሪክ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» እያለ ይጠራዋል። አባቱ ከተገደሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1700 ዓ.ም. እሱም ተገደለ። ቀጥለው የነገሡት የኢያሱ ወንድም አፄ ቴዎፍሎስ ደግሞ የወንድማቸውን ገዳዮች እየፈለጉ በሞት ቀጡ። ደም ደም እየጠራ ሄደ።

ይህን የማነሣው ነገሥታትን ለመውቀስ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖት የማያውቁ አልነበሩም። ጾመዋል፣ አስቀድሰዋል፣ ደብር ተክለዋል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁሉ በዚያ እምነት መሀል የተገነባ ነው። ግን የቃየል ነገር እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። እኛስ? ባለፉት ዓመታት በገዛ ቀያችን ያየነውን እኔ አልዘረዝርላችሁም። ሁላችሁም የምታስቡት ሰው አላችሁ።

«የአባት ዕዳ ለልጅ» እንላለን። ከአዳም ምን ወረስን የሚለው ጥያቄ ብዙ አነጋግሯል። በምዕራቡ ዓለም ከአውግስጢኖስ ወዲህ ትኩረቱ የበደሉ መተላለፍ ላይ ሆነ። የምሥራቅ አባቶች ይበልጥ የሚያዘወትሩት ሞቱንና መበስበሱን ነው። ከእነሱ አንዱ አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ከሣቴ ብርሃን አቡነ ሰላማን በ4ኛው መቶ ዓመት ጵጵስና ሾሞ የላከልን እሱ ነው። እናም ይህ ሰው አንድ ደፋር ጥያቄ ይጠይቃል። ሰው ከበደለ በኋላ ተጸጽቶ ቢመለስ አይበቃም ነበር ወይ? መልሱ፣ ነገሩ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሞት ገላችን ውስጥ ገብቷል፣ ጸጸት ደግሞ ሞትን አያወጣም የሚል ነው።

ከዚያ ምሳሌ ይሰጣል። በእንጨት ላይ የተሳለ የአንድ ሰው መልክ በእድፍ ቢበላሽ ሠዓሊው ጣውላውን አይጥለውም። ባለ መልኩ ራሱ እንደገና ይምጣና በዚያው ጣውላ ላይ መልኩ ይታደስ ይላል። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረው ሰው ሲበላሽ ባለ መልኩ መጣ። ሥዕል በበዛበት በጎንደር ይህ ምሳሌ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ11ኛው መቶ ዓመት፣ አንሰልም የሚባል የምዕራብ መምህር በሌላ መንገድ አስቦታል። ዕዳው የሰው ነው፣ የመክፈል ዐቅም ያለው አምላክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከፋዩ አምላክም ሰውም መሆን ነበረበት ይላል። ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን በብዛት የሚሰብኩት ወደዚህ ይቀርባል። እኔ ከአትናቴዎስ ጋር ነኝ። ግን የዕዳውን ነገር አልንቀውም፤ በእኛም ዘንድ አለና።

የት አለ? ቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ ፋሲል መዋኛ ዘንድ፣ በየዓመቱ ጥር 11። በከተራ ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ። ከቀሃ የተሳበው ውሃ ገንዳውን ሞልቶታል። ጎረምሳው ከነልብሱ ዘልሎ ይገባል፣ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሣል። ምን እንደሚከበር ግን ስንቱ ያስታውሳል? አባቶች የሚተርኩት እንዲህ ነው። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ መከራ ሲጸናባቸው ሰይጣን መጣ። «ባሮቼ መሆናችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ፣ መከራውን አቀልላችኋለሁ» አላቸው። «አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ» ብለው ፈረሙለት። እሱም በሁለት ድንጋይ ላይ ቀርጾ አንዱን ዮርዳኖስ፣ አንዱን ሲኦል አስቀመጠው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኼኛው ደግሞ ወረቀት ሳይሆን ድንጋይ ነው! ጌታ በ30 ዓመቱ ዮርዳኖስ ሲገባ እንደ ሰውነቱ ረገጠው፣ እንደ አምላክነቱ አቀለጠው። ሁለተኛውን በስቅለት ዓርብ በነፍሱ ሲኦል ወርዶ ደመሰሰው። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች «የዕዳ ጽሕፈት» ያለው በመስቀል ተቸንክሮ ቀረ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልመልሳችሁ። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል ብለናል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ድንጋዩን ያነሣው ማነው? ካሳውን የከፈለውስ? ሽማግሌውን የላከው ተበዳይ፣ የተላከው የገዛ ልጁ፣ ካሳው የልጁ ደም። በእኛ ሥርዓት ይህ የማይሆን ነገር ነው። በየትኛውም አገር ሥርዓት የማይሆን ነው። በጎነቱን ለምደነው ነው እንጂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «እንዴት ተደርጎ?» ብሎ መነሣት ነበረበት።

ሉቃስ ምዕራፍ 15ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታናሹ ልጅ ገንዘቡን በትኖ ሲመለስ አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ። ስለ ሩጫው ብዙ ተሰብኳል። እኔ የማያልፍልኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ታላቁ ልጅ ከእርሻ መጣ። ዘፈንና ጭፈራ ሰማ። ነገሩን ሲያውቅ ተቆጣ፣ አልገባም አለ። አስተውሉ፤ ይህ ልጅ ከቤት ርቆ አያውቅም። ትእዛዝ ጥሶ አያውቅም፣ ራሱ ይናገራል። ግን አሁን ደጅ ቆሟል። «ወንድሜ» ማለት እንኳ አቅቶት «ይህ ልጅህ» ይላል። አዳም «ይህች» እንዳለው ማለት ነው። አባቱስ ምን አደረገ? «ወጥቶ ለመነው» ይላል። አባት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከቤቱ ወጣ። አንዴ የጠፋውን ሊቀበል፣ አንዴ ያልጠፋውን ሊለምን። በራሱ ግብዣ ቀን ሽማግሌ ሆኖ በገዛ ደጁ ቆመ። ልጁ ይግባ አይግባ አልተጻፈም።

ጠዋት በየደብሩ አጥር ዙሪያ የሚቆሙ ሰዎችን አይታችኋል? በአታ ሂዱ፣ አደባባይ ኢየሱስ ሂዱ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግንባሯን ግንቡ ላይ አስደግፋ የምታለቅስ ሴት አለች። አትገባም። «እኔ ምን ንጽሕና አለኝና» ትላለች። ትሕትናውን እወደዋለሁ። ግን አንዳንዱ ሰው እዚያ አጥር ሥር ሃያ ዓመት ይቆማል። ንስሐ አባቱን አይቶ ሌላ መንገድ ይዞ ይሄዳል። አፍሮ ነው። አፍረት ደግሞ የአዳም ቅጠል ነው። እናንት ካህናት፣ እስኪ አጥሩ ሥር ወጥታችሁ ለምኗቸው። የሐዋርያው ሥራ ይኸው አይደል?

ደፍሮ የሚገባው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉ የለ? ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን እዚያው መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ከጎናችን ላለ ለማናውቀው ሰው እጅ እንነሣለን። ይቀላላ! የማናውቀው ሰው መቼ ወሰን ገፋብን?

እዚህ ላይ ላብቃና ጥያቄ ልቀበል።

አንዲት ተማሪ፤ «እግዚአብሔር ራሱ ከታረቀን ንስሐ ለምን አስፈለገ?» አለች። ጥሩ ጠይቀሻል። ሽማግሌ መጥቶ ደጅ ቆሟል። ካሳም ተከፍሏል። ግን በሩን የሚከፍተው ማነው? ንስሐ ካሳ መክፈል አይደለም፣ ከዛፉ ሥር መውጣት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለካህን ትናዘዣለሽ፣ ቀኖና ትቀበያለሽ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ትባያለሽ። ፕሮቴስታንቶቹ በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይላሉ። በዚህ ላይ እንለያያለን፣ አልሸፋፍነውም። ቀድሞ የመጣው እሱ ነው በሚለው ላይ ግን ማንም አይለያይም።

አንድ አባት ተነሥተው፤ «የበደሉኝ ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም ሄጄ ልለምናቸው ነው የምትለን?» አሉ። አባቴ፣ እንዲያ ብዬ ባዝዝዎት እኔ ማን ነኝ? የደረሰብዎትን አላውቅም። በእርስዎ ቦታ ሆኜ አላለቀስኩም። አንድ ነገር ግን መለየት ይቻላል። በቀልን መተው የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ለብቻዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ እውነትም ይፈልጋል። እግዚአብሔርም ሲያስታርቀን «ምንም አልተደረገም» አላለም። መስቀል ምንም እንዳልተደረገ የሚያስመስል ነገር አይደለም። ስለዚህ ፍርድ ቢጠይቁ፣ እውነቱ ይውጣ ቢሉ ኃጢአት አይሆንብዎትም። ልጆችዎን ግን ደም መላሽ አድርገው አያሳድጓቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ ጎልማሳ ነበር። «የጎረቤቴን ወሰን ገፍቼ ነበር። ሰውየው ሞተ። አሁን ማንን ልታረቅ?» አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። ወንድሜ፣ ይህን ሰው ፊት መናገርዎ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። ለሟቹ ጸሎት ያስደርጉ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ አይቅሩ። ግን በዚያ ብቻ አይለፉት። ዘኬዎስ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው፤ አዝናለሁ ብቻ አላለም። መሬቱ አለ አይደል? ሽማግሌ ይዘው ይለኩትና ለልጆቹ ይመልሱ። ያረሱበትን ዘመን ምርትም ያስቡላቸው።

«ልጆቹ እኮ አዲስ አበባ ናቸው» አሉ።

ስልክ አለ።

«ስልካቸው የለኝም።»

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የትልቁ እኔ ጋ አለ፣ ስንወጣ እሰጥሃለሁ» አሉ።